የሊቁ ሰባት ኒሻኖች

ሊቁ ዛሬ ለጠየቀው ሁሉ አይደብቅም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀኝ እጁ ጣቶችና በመዳፉ ጠርዝ ላይ የበቀሉትን ሰባት ኪንታሮቶች የሙያ ኒሻን አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር። በቄራው የመቁረጫ ክፍል ከእሱ ቀድመው የገቡት ሁሉ ነበሯቸው። እርጥበትና ብርድ ጠዋት ማታ ሲፈራረቁበት፣ የአጥንት ስንጣሪ ሲቧጭረው የኖረ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ማብቀሉ፣ ዶማ የጨበጠ እጅ መጅ እንደሚያወጣው ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለው ነበር። አዲስ ገቢዎች «ምንድን ናቸው?» ብለው ሲጠይቁት ቢላዋውን በሞረድ ላይ እያፏጨ፣ «የአገልግሎት ዘመን ናቸው፤ በዓመት አንድ አንድ፣ ሰባተኛው ምራቂ ነው» ይላል። ሰው በገዛ አላዋቂነቱ ደረቱን ሊነፋ እንደሚችል የተረዳው ዘግይቶ ነው፤ ከተረዳም በኋላ የተነፋው ደረት ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ወስዶበታል።

«ሊቁ» የሚለውን ቅጽል ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ቢላዎች የሚጠቀለሉበትና የልብስ ሳጥኖች ወለል የሚነጠፍበት አሮጌ ጋዜጣ ወደ ክፍሉ በክምር ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ሳያነብ የሚጠቀልለው ገጽ የለም። ዕውቀቱ ሰፊ ነው፤ ችግሩ ሁሉም ጠርዙ ላይ የተቀደደ መሆኑ ነው። የብዙ ጦርነቶችን መነሻ ያውቃል፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አያውቅም። የአንድ ታላቅ ፈላስፋን የሕይወት ታሪክ እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ድረስ በቃሉ ይወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ይሙት ይኑር፣ የስብ ጠብታ ስለሸፈነው፣ ሊቁ ዘንድ የተጣራ ወሬ የለም። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ እህቱ የማህፀን ጫፍ ካንሰር ገና ሲጀምራት ተደርሶበት ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው ተባለ። ሊቁም ስለዚሁ ቫይረስ የሚያወራ ቁራጭ ገጽ በሳጥኑ ውስጥ እንዳለው አስታወሰ። ገጹ «ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን፣» ይልና ነጠላ ሰረዙ ላይ ይቀደዳል። የቀረውን እሱ ራሱ ሞላው።

የሞላው እንዲህ ነበር። እህቱ፣ የእሱ ሚስት በሞተችበት ዓመት፣ ልጁ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን አስጭና መጥታ ልጅቷን አሳድጋለታለች፤ የራሷ ባል ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ታዲያ ይህ ነገር ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ዕቃ መደብር ሄደ፤ አንድ ትልቅ ነጭ ኩባያ ገዛ፤ በእጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረበትና «ይቺ ያንቺ ትሁን፤ ለጥንቃቄ ነው» ብሎ መደርደሪያው ዳር ላይ ለብቻዋ አስቀመጣት። ፎጣዋንም ለይቶ ሌላ ሚስማር ላይ ሰቀለው። በግብረ ሥጋ የሚተላለፍን በሽታ በሻይ ኩባያ መከላከል ምን የሚሉት ብልሃት እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም፤ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሊቅ ባልተባለ ነበር። እህቱ ኩባያዋን አየች፣ ክሩን አየች፣ «እሺ» አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይዋን በእሷ ጠጣች። በቤቱ ውስጥ ስለ ኩባያዋ ያንን «እሺ» ተከትሎ የተነገረ ሁለተኛ ቃል አልነበረም።

የዚህ ታሪክ ቀን ሲነጋ ሊቁ አልጋው ላይ ሆኖ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ መኝታውን ከወጥ ቤቱና ከስፌት መኪናው የሚለየው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው፤ ያውም ሹክሹክታን ከጩኸት አሻሽሎ የሚያሳልፍ። ከወዲያ የልጁ ድምፅ ተሰማው። ሚጣ ይሏታል፤ ሚጣነቷ ካለፈ ቆይቷል፣ ስሙ ግን ቀርቶባታል።

«እትዬ፣ ስሜን ሲጠሩ ምን ልበል?»

«አሞኛል በይ።»

«የታመመ ሰው ነው እንዴ ሐኪም የሚሸሸው? ይስቁብኛል።»

«እንግዲያው አባቴ አልፈቀደም በያ።»

«እሱንማ ካልኩ ‹ምን ፈርቶ ነው?› ነው የሚሉኝ። ደግሞ የጻፈውን አላየሽውም።» ወረቀት ሲዘረጋ ተሰማ። ልጅቷ የአባቷን ድምፅ አወፍራ አነበበች፦ «‹ጉዳዩ ጨዋ ቤተሰብን የማይመለከት በመሆኑ፣ ልጄ እንዳትከተብ በአክብሮት አሳውቃለሁ።›»

ሻይ የሚፈላበት በራድ ክዳኑን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ከዚያ እህቱ፣ «ጽሑፉስ ያምራል» አለች።

ሊቁ የሚያፍርበት ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ይህን ሲሰማ በመጀመሪያ ደስ ያለው መሆኑ ነው። የእጅ ጽሑፉ እውነትም ያምር ነበር፤ «በአክብሮት» የምትለዋን ቃል ሲጽፍ የመጨረሻውን ፊደል እግር ትንሽ ረዘም አድርጎ ወደ ላይ ቀልብሶት ነበር። «ጨዋ ቤተሰብ» የሚለው ለማን እንደተነበበ የታወሰው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበው። ወረቀቱ የትምህርት ቤቱ የክትባት ፈቃድ ነው። ክትባቱ ከዚያው ቫይረስ የሚከላከል ነው፤ በነጻ የሚሰጠው አሥራ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጃገረዶች ሲሆን ሚጣ በሚቀጥለው ወር አሥራ አምስት ይሞላታል፤ የክትባት ቡድኑ ደግሞ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። ፈቃድ መስጠት የሚችለው ወላጅ ነው፤ አክስት አትፈርምም። ሊቁም «ልጄ እንደ እህቴ እንዳትሆን» ብሎ መከልከሉ ነበር፤ ልጁ እንደ እህቱ እንዳትሆን የሚያደርገውን ነገር መከልከሉ እንደሆነ አልታየውም።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ተቀመጡ። ጠረጴዛው ሦስት ሰው በጭንቅ ያስቀምጣል፤ የአንዱ ክርን የሌላውን ዳቦ ይገፋል። በዚህ ጥበት ውስጥ እንኳ የእህቱ ወንበር ከሌሎቹ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ማን እንዳራቀው ግን አይታወቅም፤ ከኩባያዋ ወዲህ ወንበሩ በራሱ የተራመደ ይመስላል። እህቱ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትተረትራለች፤ ያለቀውን ፊት ወደ ውስጥ ገልብጣ፣ ንጹሑን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጋ መልሳ መስፋት ዋና ሥራዋ ነው። ሚጣ ዳቦውን ሳታኝክ ዋጠች። ሊቁ ስለ አየሩ አንድ ሐሳብ ሰነዘረ፤ ማንም አላነሣለትም። ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ «ደህና ዋል፣ አባዬ» ስትል፣ ሰላምታዋ ለጎረቤት ሰው የሚሰጥ ዓይነት ንጹሕና ቀዝቃዛ ነበር።

በቄራው ዕለቱ ዓመታዊ የጤና ካርድ የሚታደስበት ነበር። ከምሳ በኋላ ሠራተኛው ተራ በተራ ወደ መጀመሪያ ዕርዳታው ክፍል ይገባል፤ ወትሮ የሚመጡት ሽማግሌ ሐኪም «ሳል አለህ? የለህም? ሂድ» ብለው ይፈርሙ ነበር። ዘንድሮ እሳቸው ጡረታ ወጥተው በምትካቸው አንዲት ወጣት ሐኪም ተልካለች። ሊቁ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ረጅም ቦቲውን እንደተጫማ፣ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ሊቁ የቀኝ እጁን እንደ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሰባት ናቸው፣ ዶክተር። የስድስት ዓመት የአገልግሎት ዘመን።»

«ለአገልግሎት ዘመን የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ይመስለኝ ነበር» አለችና መብራቱን አስጠጋች። «የእጅ ኪንታሮት ነው። ሥጋ የሚቆርጡ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ እጅ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ይቧጨራል፣ ይበርደዋል። የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው።»

«ይቅርታ ዶክተር፤ ያ እንኳ የሴቶች ነው።»

«ማን አለ?»

«ጋዜጣ።»

«የቱ ጋዜጣ?»

ስሙ የነበረው በተቀደደው በኩል ነው። ሊቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ሚስቴ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው» አለ፤ በሩ መዘጋቱን ዞር ብሎ አረጋገጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ከዚያ ወዲህ ከቢላዋ በቀር የጨበጥኩት ነገር የለም።»

ሐኪሟ ከንፈሯን ነከሰች። «ማንም አልጠረጠረዎትም እኮ፣ ጋሼ። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ ዓይነቱ ከመቶ በላይ ነው፤ ጠባዩም ለየቅል። አንዱ እጅ ላይ ይሰፍራል፣ አንዱ ውስጥ እግር፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ማህፀን ጫፍ ላይ። የእርስዎ ወደዚያ አይሄድም፤ ያኛውም ወደዚህ አይመጣም። ዘመዳማቾች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።»

ዘመዳማቾች። ሊቁ በተቀለበሰ ፊደል ጨዋ ነው ብሎ የመሰከረለትን ቤት አይመለከትም ያለው ነገር ዘመድ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በእሱው ጣት ላይ ሲኖር ቆይቷል፤ ያውም ለእንግዳ እየታየ። ሽንፈትን ወዲያው የመቀበል ልማድ ስላልነበረው በሙያው ሊከራከር ተነሣ።

«እንዴት ሆኖ ነው ሰውነቴ ያላወቀው?» አለ። «እኛ ዘንድ የሥጋ መርማሪው ንፍፊቱን ሰንጥቆ ያያል። ከብቱ ታሞ ከሆነ ንፍፊቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ የተዋጋውን ጦርነት ሁሉ ይናዘዛል። የኔ ንፍፊት አብጦ አያውቅም። ትኩሳት እንኳ አላየሁም።»

«መርማሪው ከመድረሱ በፊት ቆዳው የት ይሄዳል?»

«ተገፎ ወጥቷላ! ቆዳን ማን ይመረምራል?»

«ይኸውልዎት፤ እሱም የመረጠው እዚያ ነው፤ ማንም የማይመረምረው ዘንድ» አለችና፣ ወንበሯን አዙራ የእሱን እጅ በብዕሯ ጫፍ እያመለከተች አስረዳችው። ቫይረሱ በትንሽ ጭረት ይገባና ከቆዳው የታችኛው ረድፍ ሕዋስ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ደም ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በደም ሥር የሚዞሩት ዘቦች ከእሱ ጋር ፊት ለፊት አይገጣጠሙም። ሕዋሱ በተፈጥሮው ወደ ላይ ወጥቶ ሞቶ የሚረግፍ ነው፤ ቫይረሱም እስከዚያ ይታገሣል፣ ላይ ሲደርስ ይራባል፣ ከሞተው ቅርፊት ጋር አብሮ ይረግፋል። የሰውነት ዘብ የሚነቃው ሕዋስ ሲገደል፣ ሲፈነዳ፣ አካባቢው ሲቆጣ ነው፤ እዚህ ግን የተገደለ የለም፤ ሁሉም ቀኑ ደርሶ የሞተ ነው። በዚያ ላይ ቫይረሱ፣ ሕዋሱ «ድረሱልኝ» ብሎ የሚደውለውን ደወል ያፍነዋል፤ በሩ ላይ «ውስጤ ያለው ይህ ነው» ብሎ የሚሰቅለውንም ምልክት ያሳንሰዋል፤ በቆዳው ውስጥ ለጥበቃ የቆሙት ዘቦች እንኳ እሱ ባለበት ይመናመናሉ። አብዛኛውን ጊዜ፣ በዓመትም ይሁን በሁለት፣ አንዱ ዘብ ይደርስበትና ይጠርገዋል፤ ባለቤቱ መምጣቱንም መሄዱንም ሳያውቅ። ጥቂት ሰው ላይ ግን ይቀራል፤ አደገኛው ዓይነት ከሆነ፣ ዓመታት ቆይቶ ነው ጉዳቱ የሚታየው።

ሊቁ ይህን ሁሉ ያዳመጠው አፉን ከፍቶ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቀደድ ሰማ። ሐኪሟ ስትጨርስም፣ ሳያስበው፣ «ታዲያ ከማን ነው የያዘኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው ከአፉ ሲወጣ አወቀው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ እህቱ ውጤቷን በእጇ ይዛ በቆመችበት፣ እነዚህኑ ቃላት በዚሁ ቅደም ተከተል ጠይቋት ነበር፦ «ከማን ነው የያዘሽ?» እሷ ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ መልስ አልሰጠችውም። እሱም ዝምታዋን ጥፋቷን እንደማመን ቆጥሮ መዝግቦታል።

«ከማን እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለች ሐኪሟ። «ከቢላዋ እጀታ ይሁን፣ ከፎጣ ይሁን፣ ከሰላምታ። የዛሬ ስድስት ዓመት ታየ እንጂ መቼ እንደገባም አይታወቅም።»

«ያኛውስ? የሴቶቹ?»

«ያኛው የሚተላለፈው እርስዎ እንዳሉት በግንኙነት ነው፤ ግን በትዳር የኖረ ሰው አብዛኛው በዕድሜው አንዴ ያገኘዋል። አንዲት ሴት በሕይወቷ ከባሏ ሌላ ሰው ሳታውቅ፣ ባሏም ከሞተ ከስንት ዓመት በኋላ ሊታይባት ይችላል። ቫይረሱ ጨዋና ባለጌ አይለይም፤ ያ የኛ ሥራ ነው።»

«በኩባያስ?» አለ ሊቁ በጣም ቀስ ብሎ።

«በምን?»

«በሻይ ኩባያ።»

«ኧረ በፍጹም! ደግሞ ይህን የጻፈው ማነው?»

ሊቁ ይህንን እንኳ በጋዜጣ ሊያሳብብ አልደፈረም፤ የተቀደደ ገጽም ቢሆን ይህን ያህል አይወርድም። «ክትባቱስ ምን ይሠራል?» ብሎ ወሬ ለወጠ።

«ቫይረሱ በተፈጥሮ ሲገባ ፊቱን ለሰውነት አያሳይም አላልንም? ክትባቱ ጉዳት የማያደርሰውን የቫይረሱን ቅርፊት ወስዶ፣ ደም የሞላበት ክንድ ላይ፣ በአደባባይ ያሳየዋል። ሰውነት ያጠናዋል፣ መከላከያውንም በብዛት ያዘጋጃል። ከዚያ ወዲያ ቫይረሱ በጭረት ሊገባ ሲል ደጅ ላይ ይያዛል። አንዴ ከገባ በኋላ ግን ክትባቱ አያስወጣውም፤ ለዚህ ነው በልጅነት የሚሰጠው። ልጅ አለዎት እንዴ?»

ሊቁ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ስምንት ሰዓት ከሃያ። ካርዱን ሳይቀበል፣ ሐኪሟ «ጋሼ፣ ጓንት ሳያደርጉ እንዳይሠሩ፣ ለሕክምናውም…» ስትል እየሰማ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ ሰዉ ወዲህና ወዲያ ተከፈለለት። ጋዋኑ ላይ ያለው ደም የበሬ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ስላልነበረበት፣ ሦስት ሰው በሚያስቀምጥ መቀመጫ ላይ ብቻውን ተቀመጠ፤ አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ሊቁ «በእይታ አይተላለፍም» ሊላት አሰበና ተወው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ።

«አባት፣ ምን ሆነው ነው?»

«ለክትባት ነው።»

«ለእርስዎ?»

«ለልጄ!»

«እርስዎ ግን ቢታዩ አይከፋም ነበር» አለና አሳለፈው።

ክትባቱ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ነርሷ የቀዝቃዛ ሳጥኗን ክዳን ልትገጥም ደርሳለች። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ወረቀቶቹን በክላሰር ታስራለች። ሊቁ እያለከለከ ፈቃድ ለመስጠት እንደመጣ ሲናገር፣ ምክትሏ ክላሰሩን መልሳ ፈታች፤ ወረቀቱን አወጣች፤ መነጽሯን አስተካክላ በሙሉ ድምፅ አነበበችው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ክንዳቸውን በጥጥ የያዙ አሥር ያህል ልጃገረዶች ቆመው ነበር።

«በአክብሮት ነው የከለከሉት» አለች ምክትሏ።

«አዎ።»

«ያምራል ጽሑፉ። ግን በጽሑፍ የተከለከለ በጽሑፍ ነው የሚሻረው። እዚህ ጋ፣ ምክንያት በሚለው ሥር ይጻፉልኝ።»

ሊቁ ብዕሩን ተቀበለ። «በቅርቡ ባደረግሁት ጥናት» ብሎ ጀመረና ሰረዘው። «አዲስ በተገኘ መረጃ መሠረት» ብሎ ጀመረና ይህንንም ሰረዘው። ነርሷ ሰዓቷን አየች። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሐረግ ማሳመር የማያዋጣበት ሰዓት እንዳለ፣ ያ ሰዓት ለእሱ ዘጠኝ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው እንደደረሰ ገባው። በተረፈችው ጠባብ ቦታ ላይ «አላውቅም ነበር» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመም። ፊደሎቹ ተንጋደው ነበር።

ሚጣ ተጠርታ መጣች። አባቷን አየች፤ ጋዋኑን፣ ቦቲውን፣ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን የጓደኞቿን ፊቶች አየች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት የምትመርጥ መሰለች። ነርሷ እጅጌዋን እንድትሰበስብ ነገረቻት። ሚጣ ግን አልሰበሰበችም።

«እትዬ ታውቃለች?» አለች።

«ማታ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

ለሁሉም ነገር ግማሽ መልስ የነበረው ሊቁ በዚህ ላይ ግማሹንም አጣ። «አላውቅም» አለ። ልጁ ትንሽ አየችውና እጅጌዋን ሰበሰበች። መርፌው ሲገባ እሷ አልተሳቀቀችም፤ የተሳቀቀው በቀን አርባ ጎድን የሚፈታው አባቷ ነው። ነርሷ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠው እንዲቆዩ አዘዘች። ኮሪደሩ ላይ ባለች አጭር አግዳሚ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ጫማህን አትቀይርም ነበር?»

«ሰዓት አልነበረም።»

«ይሸታል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ያዘች፤ ቦታዋን ግን አልለቀቀችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ እህቱ ከመስኮቱ ሥር፣ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የጠዋቱን ኮሌታ ትሰፋለች። ሚጣ ወደ ክፍሉ ገብታ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ፀጥ አለች፤ ጆሮዋን እንደለጠፈች ሊቁ አልተጠራጠረም፤ የቤቱ ልማድ ነው። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ረጅም ነበር። ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«እትዬ፣ ይህ ቫይረስ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት የሚያመልጠው…»

«ከላይኛው ቆዳ ላይ ተቀምጦ፣ ደም ውስጥ ሳይገባ፣ ማንንም ሳይገድል ነው» አለች እህቱ፣ ቀና ሳትል። «የዛሬ ሦስት ዓመት ነግረውኛል። ለአንተም ነግሬህ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታነብ ነበር፤ ‹እህ› አልከኝ።»

ሊቁ ወንበሩን አየው። ከዚያ እጁን ከጋዋኑ ኪስ አውጥቶ በመኪናዋ መብራት ሥር ዘረጋ። «እኔም አለብኝ።»

«አውቃለሁ። ሐኪሜን ጠይቄያት ነበር፣ የወንድሜ እጅ እንዲህ እንዲህ ነው ብዬ። ዘመዱ ነው አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ለራስህም ኩባያ ትገዛ ነበር። መደርደሪያችን ደግሞ ጠባብ ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እውነቱን ልንገርህ ግን፤ አንተ የቆረጥከውን ሰላጣ በልቼ አላውቅም።»

«በሰላጣ አይተላለፍም እኮ!»

«ይተላለፋል አልኩህ? ያስጠላኛል እንጂ።»

ከግድግዳው ወዲያ የታፈነ ሳቅ አመለጠ። ሊቁም ሊስቅ ፈለገ፤ ግን የመጣበትን ነገር ገና አልተናገረም ነበር። ወደ መደርደሪያው ሄዶ ኩባያዋን አነሣና ቀዩን ክር ሊፈታ ሞከረ፤ የሦስት ዓመት ቋጠሮ በወፍራም ጣቶቹ አልፈታ አለው።

«ተዋት» አለች እህቱ። «ለምጃታለሁ። ደግሞ ከእናንተ ብርጭቆ ይልቅ ብዙ ሻይ ትይዛለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትበደል የኖርከው አንተ ነህ።»

«እትዬ» አለ ሊቁ፣ «ያን ቀን፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የጠየቅሁሽ ነገር…»

የመኪናዋ መዘውር ቆመ። እህቱ እጆቿን ኮሌታው ላይ አኖረች። የውጭው መንገድ ድምፅ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የሚጣ ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ፤ ሊቁ ይህን ዝምታ ከዚህ ቀደም በተሳሳተ ዓምድ ሥር መዝግቦት ነበርና፣ አሁን ምንም ሳይሞላበት ጠበቀ።

«መልስ ያልሰጠሁህ አፍሬ አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «ያንን የጠየቅኸኝ አንተ መሆንህን ማመን አቅቶኝ ነው። አንተን እኮ አዝዬ ነው ያሳደግሁህ፤ ልጅህንም እንደዚያው። ሰው በጀርባው አዝሎ ያሳደገው ልጅ ‹ከማን ነው?› ሲለው፣ ምን ይመልሳል?»

«ተሳስቼ ነበር። ይቅር በይኝ።»

እህቱ ኮሌታውን አንሥታ በመብራቱ አየችው፤ ስፌቱን በጥፍሯ አለፈችበት። «ይቅርታ በቃል ቀላል ነው፤ አንተ ደግሞ ቃል አታጣም» አለች። «ነገ ጠዋት ክትትል አለኝ። በየስድስት ወሩ ብቻዬን ነው የምሄደው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ውኃ ሽንት ስሄድ ተራዬ ያልፋል፤ ቦታዬን የሚይዝልኝ ሰው የለም። እዚያ ያሉት ሴቶች ሁሉ አንድ ሰው አላቸው፤ ባል፣ ልጅ፣ ጎረቤት። እኔን ‹ማንም የለሽም እንዴ?› ይሉኛል፤ ‹ወንድሜ ሥራ ይበዛበታል› እላለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሊቁ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ። እህቱን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ፤ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጦ፣ ስሟ እስኪጠራ ድረስ ተራዋን ያዘላት።